መሪ የጨበጠ ልጅና የቤተ ሰቡ ኀላፊነት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደንበጫ የሚወስደው የመኪና ጐዳና በማቻክል ወረዳ በአማኑኤል ከተማ በኩል ያልፋል። በዚህ ጐዳና ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው አውቶቡስ፣ እህልና ሲሚንቶ የጫነው ከባድ መኪና፣ ከመንደር ወደ መንደር የሚመላለሰው ባጃጅ፣ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ ከነአህያው፣ ደብተሩን በጉያው ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ሕፃን፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው እናት፣ ሁሉም በአንድነት ይተላለፋሉ። አንዱ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲበር ሌላው በእግሩ ያዘግማል። በአገራችን ያሉት አያሌ ትንንሽ ከተሞች መንገድን ተከትለው የተቆረቆሩ ስለ ሆኑ፣ መንገዱ ለመኪናው መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን ለሕዝቡ ደጅም፣ ገበያም፣ አደባባይም ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣነው መኪናን ለማማረር አይደለም። መኪና ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ የገበሬውንም እህል ገበያ ላይ ያውላል። የምንናገረው ስለ አንድ የተወሰነ ነገር ነው፤ ይኸውም መንጃ ፈቃድ ከተቀበለ ገና ዓመት ስላልሞላው ወጣት ነጂና እርሱን ወደ መንገድ ስለ ላከው ቤተ ሰብ ነው። በአማኑኤልም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ባጃጅ ለብዙ ወጣቶች የእንጀራ ምክንያት ሆኗል። አባት በሬ ሸጦ፣ እናት የዕቁብ ገንዘብ አውጥታ፣ አጎት ለብድሩ ዋስ ሆኖ፣ ትምህርቱን የጨረሰው ልጅ መሪ እንዲጨብጥ ያደርጉታል። ፈቃዱ በእጁ የገባ ዕለት ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያለው የመጀመሪያው ዓመት፣ ይልቁንም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት፣ ከነጂነቱ ዘመን ሁሉ እጅግ አደገኛው ጊዜ መሆኑን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆነ ገምቷል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ቀድሞ የሚገኘው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ስለ አገራችንም ያው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በመዝገብ የሰፈረው ሟች 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን ከ27 ሺህ በላይ ነበር። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ሊያስደንቅ ይችላል፤ ገጠሩን ለሚያውቅ ሰው ግን እምብዛም አያስደንቅም። ወድቆ ወደ ቤቱ የተወሰደና ከሳምንት በኋላ ያረፈ ሰው ለቅሶው በመንደሩ ይሰማል እንጂ ስሙ ከትራፊክ መዝገብ ላይደርስ ይችላል።

አዲስ ነጂ አደጋ የሚያደርሰው ልበ ደንዳና ስለ ሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ነገሩን እንዲህ አንመለከተውም። ስለዚህ ጉዳይ የመረመሩ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ የአዲስ ነጂ ዋናው ችግር በዐይኑ ላይ ነው። ብዙ ዓመት የነዳ ሰው ዐይኑን ወደ ሩቅ ልኮ መንገዱን፣ ግራና ቀኙን፣ መስታወቱን እያፈራረቀ ያያል፤ ከቁጥቋጦ ኋላ የበግ ጠቦት ብቅ ሲል ጠቦቷን ተከትሎ የሚሮጥ እረኛ እንዳለ አስቀድሞ ይገምታል። አዲሱ ነጂ ግን ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለውን ጥቂት ሜትር ብቻ ያያል፤ ሐሳቡም በማርሹ፣ በፍሪሲዮኑና በመሪው ተይዟል። ጠቦቷን ያያል፤ እረኛውን አያስብም። ይህ ደግሞ በስብከትና በቍጣ የሚሻሻል አይደለም፤ የሚሻሻለው በልምምድ ነው።

በዚህ ላይ ፍጥነት ሲጨመርበት ጊዜው ያጥራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን 22 ሜትር ነው። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ድረስ አንድ ሴኮንድ ማለፉ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ ይህ ሁሉ መንገድ ያልፋል። በደረቅ አስፋልት ላይ በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ መኪና ፈጽሞ ለመቆም 53 ሜትር ያህል ያሻዋል፤ በክረምት ዝናብ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በእግሩ የሚሄድ ሰው በ65 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሚሄድ መኪና ቢመታ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ከሚመታው ይልቅ የመሞቱ ነገር አራት እጅ ተኩል ያህል የበለጠ መሆኑን የጤና ድርጅቱ ይገልጻል። እንግዲህ አዲሱ አስፋልት መልካም ነው ስንል፣ ለፍጥነትም በር መክፈቱን አንርሳ።

ሌሊትም የራሱ ነገር አለው። በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ማራቶን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሌሊት ቮልስዋገኑን ሲነዳ መኪናው ተገልብጦ እስከ ማግስቱ በውስጡ ተይዞ አደረ። ያን ሁሉ አገር የሮጡት እግሮች ከዚያ በኋላ አልቆሙም፤ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሐኪም ቤት ብዙ ወራት ታክሞ በተሽከርካሪ ወንበር ተመለሰ፤ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም.ም ዐረፈ። ይህን ማንሣታችን ታላቁን ሰው ለመንቀፍ አይደለም፤ የሰውነት ብርታትና የልብ ጀግንነት መኪና በሚገለበጥበት ሰዓት ምንም እንደማይረዱ ወጣቶቻችን እንዲያስቡት ነው።

እንግዲህ ልምምድ ከወዴት ይገኛል? ዛሬ ልጁ ወደ ማሠልጠኛ ይገባል፤ ሕጉን ይማራል፤ በተከለለ ሜዳ ላይ በቆሙ እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ መሄድን ይለማመዳል፤ ፈተናውን ያልፋል። ነገር ግን ሌሊት፣ ዝናብ፣ ጭጋግ፣ የገበያ ቀን፣ ረዥም ቁልቁለት፣ እነዚህ ሁሉ በሜዳው ላይ የሉም። ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ልጁ ሕጉን ማወቁንና መኪናውን ማንቀሳቀስ መቻሉን መስክሯል፤ አባይን ወርዶ መውጣት ይችላል ብሎ ግን አልመሰከረም። ቤተ ሰቡ ይህን ልዩነት ሊያስተውል ይገባዋል።

ቀድሞ በአገራችን ረዳትነት የሚባል ነገር ነበር፤ አሁንም በከባድ መኪናዎች ላይ ይገኛል። ልጁ መጀመሪያ መኪና ያጥባል፤ ከዚያ ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ታኮ ይጥላል፤ ጎማ ይፈታል፤ ከሾፌሩ አጠገብ በጋቢና ተቀምጦ ዓመታት ሲጓዝ የመንገዱን ኩርባ ሁሉ ያጠናል። ከብዙ ጊዜ በኋላ በግቢ ውስጥ መኪናዋን ፈቀቅ እንዲያደርግ ይፈቀድለታል። እውነት ነው፤ ረዳትነት ብዙ ነውር ነበረበት፤ ዱላውና ስድቡ፣ ትምህርት ማጣቱ፣ ሾፌሩ ሲደክመው ፈቃድ የሌለውን ልጅ በሌሊት መሪ ማስያዙ የሚመሰገን አይደለም። ሆኖም አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ ልጁ ከመንዳቱ በፊት መንገዱን ያውቀው ነበር። የአሁኑ ልጅ ግን መንገዱን የሚያውቀው እየነዳ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በዲማም ሆነ በዋሸራ የቅኔ ተማሪ ገብቶ በዚያው ሳምንት መወድስ አይቆጥርም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየን፣ ሚ በዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን እያለፈ፣ መምህሩ እያረመው፣ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይደርሳል። በቅኔ የተሳሳተ ተማሪ የሚያገኘው ተግሣጽ ነው፤ በመሪ የተሳሳተ ግን ሰው ይገድላል። ታዲያ ለቃል የምናደርገውን ትዕግሥት ለነፍስ እንዴት እንነፍጋለን?

ሌሎች አገሮች ይህንኑ ደረጃ በሕግ አቁመውታል። ኒው ዚላንድ በ1987 እ.ኤ.አ. አዲስ ነጂ በሦስት ደረጃ እንዲያልፍ ደነገገች። መጀመሪያ ልምድ ካለው ሰው ጋር ብቻ ይነዳል፤ ቀጥሎ ብቻውን ይነዳል፤ ነገር ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ያለ ተቆጣጣሪ መንዳትና ጓደኞቹን መጫን ይከለከላል፤ በመጨረሻ ሙሉ ፈቃድ ይቀበላል። ይህን ሥርዓት በኋላ ካናዳ፣ አሜሪካና አውስትራሊያ በየግዛታቸው ተከትለውታል። ጓደኛ መጫን ለምን ይከለከላል የሚል ይኖራል፤ ወጣት ነጂ እኩዮቹን በጫነ ቍጥር አደጋው እየጨመረ መሄዱ በብዙ ምርመራ ስለ ተረጋገጠ ነው። እኩያ «ንዳው!» ይላል፤ አክስት ግን «ኧረ ቀስ በል ልጄ» ትላለች። ስዊድን ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. ፈቃድ የሚሰጥበትን 18 ዓመት ሳትለውጥ፣ ልምምድ የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ17 ዓመት ተኩል ወደ 16 ዝቅ አደረገችው። በዚህ የተጠቀሙት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ያደረጉት ልምምድ ከ50 ሰዓት በታች ከነበረው ወደ 118 ሰዓት ያህል ደረሰ፤ ፈቃድ ከተቀበሉም በኋላ አደጋቸው ከመቶ 40 ያህል ቀነሰ። በእንግሊዝ አገር ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈታኙ ተንቀሳቃሽ ሥዕል እያየ አደጋው ከመድረሱ በፊት እንዲለይ ይጠየቃል፤ ቀደም ብለን ያነሣነውን የዐይን ነገር የሚፈትን ነው።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱን በተሽከርካሪው ዓይነት ይከፋፍለዋል፤ አውቶሞቢል የሚነዳው የሕዝብ ማመላለሻ እንዳይነዳ ይከለክላል። ከዚህ የቀረውን ግን ቤተ ሰብ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ አዋጅ መጠበቅ አያሻውም። ፈቃድ የተቀበለው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት ብቻውን እንዳይሄድ፣ በአጠገቡ ብዙ ዘመን የነዳ ዘመድ ወይም ጎረቤት እንዲቀመጥ ማድረግ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። መጀመሪያ በቀን፣ በደረቅ መንገድ፣ በታወቀ ሰፈር፤ ከዚያ በገበያ ቀን፤ ከዚያ በዝናብ፤ ምሽትና ረዥም ጉዞ ከሁሉ በኋላ።

ስለ ረዥም ጉዞ ካነሣን፣ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሁሉ ስለሚያልፍበት የአባይ በረሃ ጥቂት ማለት አለብን። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ላይ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በዚህ ቁልቁለት ላይ አዲስ ነጂን የሚገድለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ነው። ፎሌ የሆነ መኪና ሞተሩ ስለማይይዘው ክብደቱ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ፍሬንን ሳያቋርጡ ረግጦ መውረድ ነው። ፍሬን የመኪናውን ኀይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ ነገር ስለ ሆነ፣ ሳያርፍ ሲሠራ ይግላል፤ ከጋለም በኋላ የመያዝ ኀይሉ ይደክማል፤ ዘይቱ ከፈላ ደግሞ እግር ሲረግጠው እንደ ጭቃ ይሰምጣል። ነጂዎች «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚሉት ይህን ነው። እምቢ ያለው ግን ፍሬኑ አይደለም፤ ከዐቅሙ በላይ ተጠይቆ ነው። መድኀኒቱ ከቁልቁለቱ በፊት ነው፤ ዳገቱን በሚወጡበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛት ማድረግ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ለአጭር ጊዜ ረግጦ መልቀቅና እንዲበርድ ጊዜ መስጠት። ማርሹን ቁልቁለቱ መካከል ለመቀነስ መሞከር አደገኛ ነው፤ ከፍጥነቱ የተነሣ አልገባም ብሎ ፎሌ ላይ ሊቀር ይችላልና። በጫነ መኪናና ባዶ በሆነ መኪና መካከል ያለውንም ልዩነት አዲስ ነጂ የሚያውቀው እዚህ ነው።

የገደል መንገድ ምሕረት የለውም። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ወር በደቡብ ወሎ በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውም መንገድ፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትን ወንዞች እያቋረጠ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ በክረምት ጭቃውና ጭጋጉ ለአዲስ ነጂ የሚቀል አይደለም። ወደ ደብረ ወርቅ፣ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ መርጡለ ማርያም ለመሳለም ማኅበርተኞች መኪና ሲኮናተሩ ስለ ዋጋው ብዙ ይከራከራሉ፤ ስለ ነጂው ግን የሚጠይቅ የለም። «ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ነድተኸዋል? ትናንት ሌሊት ተኝተሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሌሊቱን በጫት የነቃ ሰው እንቅልፉ ተላለፈ እንጂ አልቀረም፤ በማለዳ ቁልቁለት ላይ ይመጣበታል።

ከጥር እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው የሠርግ ወራት የሚሆነውንም እናያለን። ሙሽራውን ለማጀብ ሚዜዎቹ በየመኪናው ይሰገሰጋሉ፤ ክላክሱ ይንጫረራል፤ አንዱ ሌላውን ለመቅደም መስመር ይለቃል፤ ከመስኮት ወጥቶ የሚጨፍርም አለ። መሪ የያዘው ብዙ ጊዜ ከሚዜዎቹ አንዱ ነው፤ ጠላውን ወይም አረቄውን «አንድ ብቻ» እየተባለ ቀምሷል። እኛ የምንመክረው፣ የሠርጉ አባት ድግሱን የሚያዩለትን ሰዎች ሲሾም፣ መሪ ለሚይዙት ደግሞ ጠላም ጠጅም የማይቀዳላቸው መሆኑን በግልጽ ይናገር። ውሃና ለስላሳ ይቅረብላቸው። በባሕላችን የቀረበን መጠጥ እምቢ ማለት ለወጣት ከባድ ስለ ሆነ፣ እምቢታውን ሽማግሌ ቢወስድለት ይቀለዋል።

ወደ ባጃጁ እንመለስ፤ በትንንሽ ከተሞች አብዛኛው አዲስ ነጂ የሚገኘው እዚያ ነውና። ባጃጅ ሦስት ጎማ ስላላት በኩርባ ላይ በፍጥነት ስትዞር ትገለበጣለች፤ በር የላትም፤ ከከባድ መኪና ጋር በአንድ አስፋልት ስትሄድ ምንም መከታ የላትም። ሕዝባችን ለከባዱ ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር»፣ ለአይሱዙው «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ባጃጇን ከሁሉ ይልቅ አደገኛ የሚያደርጋት የባለንብረቱ ስምምነት ነው። ባለንብረቱ በየቀኑ ይህን ያህል ገቢ አምጣ ብሎ ይቆርጣል፤ ልጁ ገቢውን ለመሙላት ይሮጣል፤ ከተፈቀደው በላይ ይጭናል፤ በአጠገቡ በመሪው ወንበር ላይ ሳይቀር ሰው ያስቀምጣል። ስለዚህ ልጁን በፍጥነቱ ከመገሠጽ በፊት ገቢውን መመርመር ይገባል። ባለንብረቱ ራሱ ቤተ ሰቡ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ቀላል ነው። የበሬውን ዋጋ በአንድ ዓመት እመልሳለሁ ያለ አባት ሳያውቀው ልጁን እያሯሯጠው ነው፤ ሁለት ዓመት ቢሰጠው ግን ገንዘቡ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።

ተሳፋሪም ዝም ማለት የለበትም። በአገራችን ሾፌርን መናገር እንደ ድፍረት ይቈጠራል፤ በተለይ ሴቶች ፈርተው ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ብቻ ሲናገር ሾፌሩ ይቈጣ ይሆናል፤ ሦስት ሰዎች በትሕትና «ቀስ በል ወንድሜ» ሲሉት ግን ፍጥነቱን መቀነሱ አይቀርም። ቀበቶ ባለበት መኪና የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀበቶውን ቢያስር የመሞቱን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ሕጉም ያዝዛል። ትራፊኩ ሲታይ ቀበቶውን በደረት ላይ አጋድሞ መያዝ፣ ትራፊኩ ሲያልፍ መልቀቅ፣ ማንን ለማታለል እንደ ሆነ አይገባንም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አደጋ ቢደርስ፣ ወጣቱ ነጂ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ መሸሽ ነው፤ የሟች ወገን ይበቀለኛል ብሎ ይፈራል። ልጁ ከመንዳቱ በፊት ይህን ነገር ቤተ ሰቡ ሊያስጠናው ይገባል። መቆም፣ የኋላ መኪናዎች እንዲጠነቀቁ ምልክት ማድረግ፣ የተጎዳውን አንገቱንና ጀርባውን ሳያጣምሙ በብዙ እጅ ደግፎ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ራስን ለፖሊስ ማሳወቅ። ነፍሱ የሚያሰጋው ከሆነ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ እንጂ ወደ ጫካ አይግባ። የሽማግሌው ዕርቅና የለቅሶው ጥየቃ በኋላ ይመጣል፤ ሽማግሌ ግን ለሸሸ ልጅ ምን ብሎ ይቆማል?

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ያልገባ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መነዳት የለበትም። ይህ መድን የሚከፍለው ለነጂው ሳይሆን መኪናው ለጎዳው ሰው ወይም ለሟቹ ቤተ ሰብ ነው፤ ለተጎጂው የመጀመሪያ ድንገተኛ ሕክምናም በዚሁ ይሸፈናል። የገጪው ማንነት ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው ከመድን ፈንዱ ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ ብዙ የገጠር ቤተ ሰቦች ግን ይህን ሳያውቁ ያላቸውን ከብት ሸጠው ያሳክማሉ። የመድኑ ውል በየዓመቱ የሚታደስ ስለ ሆነ፣ ባጃጅ ወይም መኪና ያለው ቤት የሚያበቃበትን ቀን በግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ያድርግበት፤ የውሉም ወረቀት ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ምን ጊዜም በተሽከርካሪው ውስጥ ይኑር።